ረጅም ጠመንጃ ይሻላል ወይስ አጭር?

ውድ አንባቢ፤ ሁለት ጠመንጃዎች ከፊትዎ ቢቀርቡልዎና አንዱ ሲያቆሙት ከደረትዎ የሚደርስ ረጅም፣ ሁለተኛው ግን ከወገብዎ የማያልፍ አጭር ቢሆን፣ የትኛውን ይመርጣሉ? «እኔን ከደብተርና ከቢሮ ወንበር ሌላ ምን አገናኝቶኝ!» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ እንጂ ተኳሽ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ባገራችን የተማረ ሰው የተማረውን ብቻ ሳይሆን ያልተማረውንም ይጠየቃል። ወደ ገጠር ወረዳ የተመደበ ወጣት ጸሐፊ ስለ በሬ በሽታም፣ ስለ ድንበር ክርክርም፣ ስለ ሬዲዮ ብልሽትም አስተያየት ስጥ ይባላል። እኔም ስለ ጠመንጃ ተጠየቅሁ፤ ሳላስብ መለስሁ፤ መልሴም የአንዲት በቅሎ ሕይወት አጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለገና በዓል ወደ መንዝ፣ ወደ እናቴ ወንድሞች ዘንድ ወጥቼ ነበር። ሁለቱ አጎቶቼ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ረጅም መውዜር አላቸው፤ ፈቃዱ በታላቁ ስም የወጣ ሲሆን የሚይዙት ግን በየተራ ነው። በበዓሉ ማግስት ጠላው ከቀረበ በኋላ ታናሹ አጎቴ ክርክር አነሣ። «ይህ ጠመንጃ በበቅሎ ላይ ሲይዙት ቅርንጫፍ ያጠምደዋል፤ በር ሲገቡበት መቃኑን ይመታል፤ ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ ላሳጥረው» አለ። ታላቁ አጎቴ «የአባቴን ጠመንጃ!» ብሎ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለምንድን ነው? ፍረድ እንጂ» አሉኝ።

እኔም ፈረድሁ። «አጎቴ፣ ርዝመት የድሮ ሰው ነገር ነው። የዛሬ ወታደር የሚይዘው አጭር ነው፤ ክላሽን አያዩትም? ቢያጥር የሚጎድለው ነገር የለም» አልሁ። ታናሹ አጎቴ እጄን ሳመኝ። ታላቁ ምንም አልተናገረም፤ የተማረ ልጅ የተናገረውን ማፍረስ ከበደው መሰለኝ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ጠመንጃውም ወደ ቀጥቃጩ ሄደ።

በየካቲት ወር አንድ ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ በረት መጣ። ታናሹ አጎቴ አጭሩን መውዜር ይዞ ወጣና ከ20 ርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተኮሰ። እርሱ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ከአፈሙዙ የወጣው ነበልባል ዓይኑን አጠፋበት፤ ጩኸቱ ጆሮውን ደፈነው፤ ሰደፉ ትከሻውን እንደ በቅሎ ርግጫ መታው። ዓይኑ ሲገለጥ ጅቡ የለም። ከበረቱ አጠገብ ታስራ የነበረችው በቅሎ ግን የኋላ እግሯ ተሰብሮ ወድቃለች። ከደመወዜ እየቆረጥሁ የዋጋዋን እኩሌታ ከፈልሁ፤ እስከ ሰኔ ድረስ ምሳዬ ሽሮ ብቻ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠየቅሁት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልሱን ለመረዳት በመጀመሪያ የአፈሙዝን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «አፈሙዝ» የምለው አፉን ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ከሚቀመጥበት ሥፍራ ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ ያለውን የብረት ቱቦ ሁሉ ነው። ቃታው ሲሳብ በቀለሃው ውስጥ ያለው ባሩድ ይነድና ጋዝ ይሆናል። ያ ጋዝ ለመስፋት መንገድ ሲፈልግ አረሩን ከኋላ እየገፋ ያስወጣዋል። አልነሣ ያለች መኪና ስትገፉ አይታችሁ ይሆናል፤ አምስት ርምጃ ከገፋችኋት የምታገኘው ፍጥነትና ሃያ ርምጃ ከገፋችኋት የምታገኘው አንድ አይደለም። አፈሙዝም ለጋዙ የመግፊያ መንገድ ነው። መንገዱ ሲረዝም አረሩ ፍጥነት ይጨምራል። ነገር ግን ገፊዎቹ እየደከሙ እንደሚሄዱ ሁሉ፣ ጋዙም አረሩ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ግፊቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 20 ሳንቲ ሜትሮች የሚሰጡትን ያህል የመጨረሻዎቹ 20 ሳንቲ ሜትሮች አይሰጡም። እንዲያውም ጥይቱ ደካማና ባሩዱ ጥቂት ከሆነ፣ ገፊው ደክሞ ሰበቃው የሚያይልበት ቦታ ይመጣል። በተማሪ ተኳሾች ዘንድ በሚታወቀው በትንሹ .22 ጥይት ይህ ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፈሙዙን ማስረዘም አረሩን ከማፍጠን ይልቅ ሊያዘገየው ይችላል።

እንግዲህ መውዜሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው ረጅሙ የጀርመን መውዜር አፈሙዙ 74 ሳንቲ ሜትር፣ መላ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመኖች ያንኑ ጠመንጃ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ አሳጠሩት። ያንኑ ከባድ ጥይት ሲተኩሱ ረጅሙ በሴኮንድ ወደ 785 ሜትር፣ አጭሩ ወደ 755 ሜትር ፍጥነት ይሰጣል። 14 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ያጡት 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው። «ታዲያ ፍርድህ ትክክል ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እኔም ይህን ቁጥር ሳገኝ ጥቂት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ።

ጀርመኖቹ ያሳጠሩት በፋብሪካ፣ አዲስ አፈሙዝ ሠርተውና ማነጣጠሪያውን ለክተው ነው። ደግሞም 60 ላይ ቆሙ። የአጎቴ ቀጥቃጭ ግን እስከ 45 ወረደ። በዚያ ርዝመት ለረጅም አፈሙዝ የታሰበው ባሩድ ግፊቱን ሳይጨርስ አረሩ ይወጣል፤ የቀረው ትኩስ ጋዝ ከአፉ ውጭ በአየር ላይ ይፈነዳል። አጎቴን ያሳወረው ነበልባልና ያደነቆረው ጩኸት ይህ ነው። በቀን ቢሆን ባልተጎዳ ነበር፤ ጅብ ግን የሚመጣው በሌሊት ነው።

ክላሽን ጠቅሼ የተናገርሁት ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነበር። የክላሽ አፈሙዝ 41 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነው፤ እውነት ነው አጭር ነው። የክላሹ ጥይት ግን ገና ሲታሰብ አነስተኛ ባሩድ ይዞ ለአጭር አፈሙዝ የተሠራ ነው። በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ይሰጣል፤ የታሰበለትም ለመካከለኛ ርቀት ነው። አፈሙዝና ጥይት የተጋቡ ናቸው። እኔ የአንዱን ሚስት ከሌላው ባል ጋር አጋብቼ ነው ፍርድ ሰጠሁ ያልሁት። ይህን ጉዳይ የአሜሪካኖቹ መሣሪያ ይበልጥ ያሳያል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ሄደው አሜሪካን ሠራሽ መሣሪያ ሲታጠቁ ሁለት ዐይነት ኤም 1 ነበር። አንዱ 61 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው ዋናው የእግረኛ ጠመንጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው 46 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሙዝ ያለው ቀላሉ ካርባይን ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጥይታቸው ፈጽሞ አይገናኝም። የካርባይኑ ጥይት ትንሽና ደካማ ነው፤ ዋና ሥራው ውጊያ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የመድፍ ሠራተኛ ወይም ሬዲዮ ተሸካሚ፣ ከሽጉጥ የተሻለ ነገር እንዲይዝ የተሠራ ነው። አጭር አፈሙዝ ከፈለጉ ጥይቱንም አብረው ይመርጣሉ እንጂ ረጅሙን አይጎርዱም።

የሳትሁት ሌላ ነገርም አለ፤ ይኸውም የማነጣጠሪያው ጉዳይ ነው። ተማሪዎቼን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስላኋቸው ይህን ነው። የኋላው ማነጣጠሪያና የፊቱ ማነጣጠሪያ የተራራቁት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ዓይንዎ በ1 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ አረሩ 100 ሜትር ላይ በ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይስታል። ርቀታቸው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን ያው 1 ሚሊ ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ያስታል። የድሮ አባቶች «ረጅም ጠመንጃ አይስትም» የሚሉት እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፈሙዙ ስለ ረዘመ አረሩ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አይደለም። እንዲያውም ውፍረቱ እኩል ከሆነ አጭር አፈሙዝ ሲተኮስ የሚርገበገበው ባነሰ መጠን ነው፤ በመነጽር ለሚያነጣጥር ሰው የማነጣጠሪያው ርቀት ስለማያሳስበው ረጅም አፈሙዝ የሚሰጠው ጥቅም ፍጥነት ብቻ ይሆናል። አጎቴ ግን መነጽር የለውም። ቀጥቃጩም የፊት ማነጣጠሪያውን መልሶ ሲያጣብቀው በዓይኑ ለክቶ ነው። በዚህ ላይ የተቆረጠው አፍ ጠርዙ እኩል አልነበረም፤ አረሩ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና የአረሩን ጭራ ይገፋዋል። የፋብሪካ ሰዎች ለዚያ ትንሽ ጠርዝ ለምን ብዙ እንደሚጠነቀቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሃያ ርምጃ ላይ ጅብ የሳተው እንግዲህ የአጎቴ እጅ ተንቀጥቅጦ ብቻ አይደለም።

ታዲያ የድሮዎቹ ጠመንጃዎች ለምን እንዲያ ረዘሙ? በሙዚየም ወይም በአያትዎ ቤት ግድግዳ ላይ ውጅግራ አይተው እንደ ሆነ ቁመቱ አስገርሞዎት ይሆናል። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት የግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው ስም በእኛ አፍ ተለውጦ ነው ውጅግራ የሆነው። አፈሙዙ 82 ሳንቲ ሜትር፣ መላ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከወገኖቻችን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር። በዚያው ቀን ከጣልያኖቹ ብዙዎቹ የያዙት ቬተርሊ የሚባለው ጠመንጃ ከውጅግራም ይረዝማል፤ አፈሙዙ 86 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም የሚተኩሱት ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ከባድና ወፍራም እርሳስ የሚገፋ፣ ግፊቱ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ሌላም ምክንያት አለ። የዚያ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ በሁለት መስመር ተሰልፎ ይተኩስ ስለ ነበር የኋለኛው አፈሙዝ ከፊተኛው ጆሮ አልፎ መውጣት ነበረበት። ፈረሰኛ ሲመጣ ደግሞ ጠመንጃው ሳንጃ ተሰክቶበት ጦር ይሆናል፤ ፈረስን ከሰው ለማራቅ ርዝመት ያስፈልጋል። ይህን ሳስብ ጦር የለመደው ያገራችን ሰው ረጅሙን ጠመንጃ ቢወድ አያስገርመኝም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ጭስ የሌለውን ባሩድ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንን ባሩድ የሚተኩሰው ለበን ወጣ፤ ፈረንጆቹ ሌቤል የሚሉት ነው። አዲሱ ባሩድ ኃይለኛ ስለሆነ ያን ያህል ርዝመት አያሻውም ነበር። ለበን ግን አሁንም 80 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ይዞ መጣ። ምክንያቱ ልማድ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች አንድ ቅጽ ምክንያቱ ከቀረ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖር ታውቃላችሁ።

በዚያ ዘመን ሠራዊት ሁሉ ሁለት መሣሪያ ይገዛ ነበር፤ ለእግረኛው ረጅም፣ ለፈረሰኛው አጭር። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ካርካኖ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የእግረኛው አፈሙዝ 78 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የፈረሰኛው 45 ነው። በፈረስ ላይ ያለ ሰው ረጅም ጠመንጃ ሊያዞር አይችልም፤ ታናሹ አጎቴ በበቅሎው ላይ ያማረረው ይህንኑ ነው፤ ችግሩ እውነተኛ ነበር። ይህን ነገር የፈቱት እንግሊዞች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ከቦዎሮች ጋር ከተዋጉ በኋላ ለእግረኛውም ለፈረሰኛውም አንድ የሚሆን፣ 64 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው አጭር ሊ ኤንፊልድ አወጡ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1903 በ61 ሳንቲ ሜትር ስፕሪንግፊልድ ተከተሏቸው። የተኩስ ሊቃውንት ነን ባዮች ግን «ጠመንጃው ተበላሸ» ብለው በጋዜጣ ጮኸው ነበር። ጀርመኖች 60 ላይ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም በየመንገዳቸው ሄደው 60 ገደማ ላይ መገናኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ለዚያ ጉልበት ያለው ጥይት ፍጥነቱም ማነጣጠሪያውም አያያዙም የሚታረቁበት ቦታ እዚያ ነው። ጥይቱ ሲያንስ አፈሙዙም ይወርዳል። በቬትናም ጦርነት የታወቀው ኤም 16 አፈሙዙ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከእርሱ የተወለደው ኤም 4 ከመኪናና ከሄሊኮፕተር ለሚወርድ ወታደር ሲታሰብ ወደ 37 ወርዷል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ950 ሜትር ገደማ ወደ 900 ሜትር ገደማ ቀንሷል፤ ወታደሩ ይህን ጉድለት እያወቀ የገዛው ከተሽከርካሪው በር በቀላሉ ለመውጣት ነው።

ስለ ወፍ ማደኛ ጠመንጃም አንድ ቃል ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አፈሙዙ ሲረዝም ፍንጣሪው የማይበተን ይመስላል። የፍንጣሪውን መበተን የሚወስነው ግን በአፉ ላይ ያለው ትንሽ ጥበት ነው። ርዝመቱ የሚረዳው እጅ ወፏን ተከትሎ ሳይንቀጠቀጥ እንዲዞር ነው፤ በክፍት ሜዳ ለሩቅ ወፍ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመረጣል፣ ከቁጥቋጦ መካከል በድንገት ለምትነሣ ቆቅ ግን አጭሩ ይፈጥናል። ሮበርት ቸርችል የተባለ የለንደን ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ 25 ኢንች፣ ማለት 63 ሳንቲ ሜትር ተኩል አፈሙዝ አውጥቶ ወግ አጥባቂዎቹን አስቆጥቷል።

ርዝመት ወደ ጽንፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት መድፍን መመልከት ይጠቅማል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሞርታር ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ አፈሙዙ እጅግ አጭር ነው። ሞርታር ከባድ ድንጋይ ወይም ብረት ወደ ሰማይ አንሥቶ ከምሽግ በላይ የሚያወርድ ስለሆነ ፍጥነት አያሳድድም። በተቃራኒው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት የደበደቡበት መድፍ አፈሙዙ 34 ሜትር ያህል ነበር። በራሱ ክብደት ይጎብጥ ስለ ነበር እንደ ድልድይ በብረት ገመድ ደግፈው አቆሙት። እያንዳንዱ ተኩስ ውስጡን ይፍቀው ስለ ነበር ቀጣዩ ጥይት ከፊተኛው ጥቂት ወፈር ብሎ ይሠራና ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ ተራውን ማሳት አደጋ ነው። ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም እንዲህ ነው።

እንግዲህ እኔ በዚያ በገና ማግስት ዛሬ የማውቀውን ባውቅ ኖሮ ለአጎቶቼ ምን እል ነበር? በመጀመሪያ «የት ነው የምትተኩሱት? በቀን ነው በሌሊት? ተቀምጣችሁ ነው በበቅሎ ላይ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ለገደል ማዶ ለሚተኩስ ሰው ረጅሙ መውዜር ይበጀዋል፤ እንዳለ ይቆይ። ለበረት ጥበቃ ከሆነ በሃያ ርምጃ ላይ የ785 ሜትር ፍጥነት ምንም አይጨምርም፤ ለዚያ ሥራ ከመጀመሪያው አጭር ሆኖ የተሠራ፣ ደካማ ጥይት ያለው መሣሪያ ይበቃል፤ እርሱንም ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ምናልባትም ጥሩ አጥርና ሁለት ውሻ ከሁለቱም ይሻል ነበር። የበቅሎው ችግር ደግሞ መጋዝ ሳይሆን ማንገቻውን አስተካክሎ ጠመንጃውን በጀርባ ማዘል ነበር የሚያሻው። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቅሁም። «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ብቻ ተናገርሁ፤ እነርሱም ቃሉን አከበሩ።

በፋሲካ ስሄድ ታላቁ አጎቴ በደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። ስለ በቅሎዋ አልወቀሰኝም። ጠመንጃው ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንም አልተኮሰበትም። «ቁራጩስ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁት። እጄን ይዞ ወደ ማድቤት አስገባኝ። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጠውን ብረት ባንድ ጫፉ ከአፏ አድርጋ እፍ ስትል እሳቱ ወዲያው ተያያዘ። ቀና ብላ ስታየኝ «ይህን ያህል ርዝመት ነው የሚበቃው፤ ከረዘመ ትንፋሼን ይጨርሰዋል፣ ካጠረ ፊቴን ያቃጥለዋል» አለችኝ።